ቹኒሪው ዝም ያለበት ስፍራ

ነፍስ ብርድ ትችላለች ወይ?

ቤክርቢ ይህን ጥያቄ ከእናቱ አፍ ከሰማበት ቀን ጀምሮ መልስ አጥቶለታል። አሁንም ክቡን የበረዶ ጫማ እግሩ ላይ በጠፍር አስሮ፣ ዳገቱን ከአጎቱና ከእህቱ ኋላ ሲወጣ ጥያቄው አብሮት ይወጣ ነበር። ኩታይሲ ከተማ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ስለ ነፍስ ብዙ አስተምረውታል። ብርድ ይሰማት እንደሆነ ያነሳ መምህር ግን አልነበረም።

ከፊት አጎቱ ቻርቶላን ነው፤ የአባቱ ታናሽ ወንድም፣ መንደሩ በአንድ ቃል መርጦ ማህቭሺ ያደረገው፣ ሽማግሌም ዳኛም የሆነ ሰው። ጫፉ ብረት በሆነ ረጅም ምርኩዝ በረዶውን ወጋ ያደርግና ያዳምጣል፤ ከዚያ ይራመዳል። ጠመንጃውን ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መጥቷል። ነፍስ ልትቀበል ስትሄድ ባሩድ አይያዝም። በጀርባው ባለው ቅርጫት ውስጥ ቀይ አውራ ዶሮ ተቀምጦ በቀዳዳው ይመለከታል። መካከል ላይ ሳቤድ አለች፤ የቤክርቢ ታላቅ እህት። የሟች ወንድማቸውን የጠጉር ቆብ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣለች። ቤክርቢ መጨረሻ ነው። በበግ ለምድ የተጠቀለለውን ቹኒሪ፣ የቤታቸውን ባለ ሦስት ክር መሰንቆ፣ እንደ ሕፃን አቅፎታል።

«ተማሪው» አለ ቻርቶላን ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «እነዚያን አዝራሮችህን ሸፍናቸው። ፀሐይ ሲያርፍባቸው ተራራው ሁሉ ያየናል።»

ቤክርቢ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ካፖርት ባለ ሁለት ራስ ንስር የተቀረጸባቸው የናስ አዝራሮች ነበሩት። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የዛሩ ንስር በዚህ ሸለቆ ውስጥ የሚታየው በወረዳው ሹም ቆብና በእሱ ደረት ላይ ብቻ ነው።

«ተራራ ያያል እንዴ አጎቴ?»

«አንተን ያላየ ተራራ የለም። ባለፈው ውኃ ልትቀዳ ሄደህ ከእንስራው ጋር ስትንከባለል ማዶ ያሉት ፍየሎች እንኳ አይተውሃል።»

የሳቤድ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሳቋን ዋጠችው።

መሳቅ የሚቻለው ከፊታቸው እስካለው ብቸኛ ጥድ ድረስ መሆኑን ሦስቱም ያውቃሉ። ከጥዱ ማዶ ጉልዳ ነው። ጉልዳ ተራራው ከአናቱ እስከ እንጉሪ ወንዝ ድረስ የተተረተረበት ገደል ነው። ክረምት ሲገባ በረዶ ይሞላዋል፤ በረዶውም መቀመጥ ሲሰለቸው ይወርዳል። ለምን እንደሚወርድ አንዱ ሙቀት ነው ይላል፣ ሌላው ድምፅ ነው ይላል፣ ሦስተኛው የሰው ኃጢአት ነው ይላል። ሦስቱም ሲሻገሩት ግን ቀስ ብለው፣ አፋቸውን ዘግተው ነው የሚሻገሩት።

ሙርዛቃንን የበላው ጉልዳ ነው። የቤታቸው የበኩር ልጅ ሙርዛቃን፣ በበጋ ማዶ ከምሮት የሄደውን ድርቆሽ በሸርተቴ ሊያመጣ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። አስከሬኑን ቆፍረው አውጥተው ቀብረውታል። ሥጋው በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ከአባቱ አጠገብ አርፏል። ናዳ የወሰደው ሰው ነፍስ ግን ከሥጋው ጋር አትመለስም። ድንገት ስለተለየችው ደንግጣ እዚያው ትቀራለች። እናታቸው ማረህ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ልጇን በሕልሟ ታየው ጀመር። ቅንድቡ በረዶ ይዞ፣ በግድግዳው ዙሪያ እየዳበሰ፣ «እማ፣ በሩ የት ነው?» ይላታል።

ከዚያ ወዲህ ማረህ ምድጃ አጠገብ አልቀረበችም። «ልጄ ውጭ ቆሞ እኔ አልሞቅም» ብላ፣ ከብቶቹ ከሚታሰሩበት ጥግ፣ ውርጭ ከሚያልፍበት ግድግዳ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ሲለምኗት ትበላለች። እሳት ግን አልነካ አለች። ሳሏ ጠለቀ፤ የጣቶቿ ጫፍ ጠቆረ። ሙርዛቃን ቤቱ ካልገባ ማረህ ክረምቱን እንደማትወጣው ለመንደሩ ሁሉ ግልጽ ነበር።

ስለዚህ መሄድ ግድ ሆነ። ነፍስን የሚያመጣት ቹኒሪ ነው። ክብ ገላው ላይ የተወጠረው ቆዳና ሦስቱ የፈረስ ጭራ ክሮች በደጋን ሲታሹ፣ ሰው አፉን ዘግቶ እንደሚያንጎራጉረው ያለ ድምፅ ያወጣሉ። ነፍስ ከሰው ቋንቋ ይልቅ የቤቷን ቹኒሪ ታውቃለች። የሚጫወተው የቤቱ ወንድ መሆን አለበት፤ የቤት ቹኒሪ ለባዕድ እጅ አይሰጥም። የቻርቶላንን የግራ እጅ ሁለት ጣቶች ውርጭ በጎረምሳነቱ ወስዶበታል። የቀረው ቤክርቢ ነው። በልጅነቱ አንድ ቄስ ወደ ኩታይሲ ሲወስደው አባቱ ያስተማሩትን ሦስት ዜማ ይዞ ሄዶ፣ ባለፈው መከር ትምህርቱን ሳይጨርስ፣ ቄስም እረኛም ሳይሆን፣ ሁለቱን ዜማ ረስቶ ተመለሰ። ያልረሳው የለቅሶውን ዜማ ነበር።

«እኔ ብጫወተው ይሻል ነበር» ብላው ነበር ሳቤድ ስታዳምጠው። «አንተ ስትጫወተው ሙርዛቃን ባዕድ ቤት የገባ መስሎት ይመለሳል።»

ጥዱ ዘንድ ሲደርሱ ቻርቶላን እጁን አነሳ። ዶሮውን አውጥቶ ምንቃሩን በክር አሰረው። ሳቤድ የብር ጉትቻዋን አውልቃ እንዳይንሿሿ በጨርቅ ጠቀለለችው።

«ከዚህ በኋላ ሳል የለም፣ ማስነጠስ የለም» አለ ቻርቶላን በሹክሹክታ። «ንፍጥህ ቢወርድ ተወው ይውረድ። እግሬን ባነሳሁበት እግርህን አግባ። ጠዋት ቹኒሪው ምን እንዳለ ሰምታችኋል፤ ድምፁ ደረቅና ቀጭን ነበር። እንደዚያ ሲል ውርጭ ነው። ጉልዳ ዛሬ ተኝቷል። እኛም አንቀሰቅሰውም።»

ሰማዩን የሚጠይቁት በቹኒሪው ነው። ከምሰሶው ላይ፣ ከእሳት ርቆ ያድርና ጎህ ሲቀድ ደጋኑን አንድ ጊዜ ያሳልፉበታል። ቆዳው እርጥበት ከጠጣ ድምፁ ይወርዳል፤ ሞቃት ነፋስ እየመጣ ነውና ማንም ከቤቱ አይወጣም። ድምፁ እንደ መርፌ ከቀጠነ መንገዱ ክፍት ነው። ዛሬ ጠዋት እንደ መርፌ ነበር። ቻርቶላን ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና «እንሂድ» አለ። ማረህም ይህን ስትሰማ ከግድግዳው ሥር ብድግ ብላ ቆመች። ከቀብሩ ወዲህ ማንም ሳይደግፋት ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበር።

ጉልዳ ውስጥ ገቡ።

ቤክርቢ ቀና ብሎ ላለማየት ለራሱ ምሎ ነበር። መሐላው ጥቂት እርምጃ እንኳ አልዘለቀም። ከአናቱ ላይ በረዶው ከገደሉ አፋፍ አልፎ፣ እንደ ላም ከንፈር ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ከከንፈሩ በታች ያለው ቁልቁለት ሁሉ ልሙጥና ነጭ ነው። የወፍ እግር እንኳ አልነካውም። እግሩ ሲያርፍ የበረዶው ቅርፊት ቀጭ ይላል። እያንዳንዱ ቀጭታ ወደ ላይ ሄዶ ያን ከንፈር የሚነካው መሰለው። ትንፋሹን ያዘ። ይዞ መራመድ አልቻለምና ለቀቀው፤ የለቀቀው ትንፋሽም ናዳ ሆኖ ተሰማው።

ገደሉን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ማጅራቱ ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። እጁን ሰደደ። ውኃ ነበር።

በውርጭ ቀን ድንጋይ አያንጠባጥብም። ሌላ ጠብታ ወረደ፤ ከላይ ካለው ቋጥኝ ነው። ያን ጊዜ ቤክርቢ ምን እንዳደረገ ትዝ አለው። ማታ ቹኒሪውን ከምሰሶው አውርዶ ሲለማመድ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ነበር። ድምፁ ቢጠራ ሳቤድ መሳለቋን ትተወዋለች ብሎ ምድጃው አጠገብ አቆመው። እዚያው ደገፍ ብሎ ሳለ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነጋ፣ ሌሎቹ ሳይነሱ፣ ሞቃቱን ቹኒሪ አንስቶ ምሰሶው ላይ መልሶ ሰቀለው። ቻርቶላን በእሳት የደረቀው ቆዳ ላይ ጆሮውን ሲያስጠጋም አይቶ አልተናገረም። በአንድ በኩል ሰማይን በፈረስ ጭራ መጠየቅ የአሮጊት ነገር ነው ብሎ ንቆት ነበር። በሌላ በኩል እናቱ ቆማለች። የቆመችን እናት መልሶ የሚያስቀምጥ ቃል ከአፉ ማውጣት አቃተው።

አሁን መናገር ይፈልጋል። ጉልዳ ላይ ግን አይነገርም።

ማዶ ሲደርሱ ሳቤድ አማተበች። ሙርዛቃን የተገኘበት ስፍራ ከገደሉ ዳር ነው፤ ያወጡት ሰዎች የተከሉት ዘንግ ቆሟል። ቻርቶላን የዶሮውን ምንቃር ፈታ፤ ረጅም ክር እግሩ ላይ አስሮ አስቀመጠው። ሳቤድ ቆቡን በረዶው ላይ አኖረች። ከቆቡ ፊት ዳቦ ቆረሰች፤ አረቄ አፈሰሰች።

ቤክርቢ የቹኒሪውን ማንገቻ አንገቱ ላይ አጠለቀ። ደጋኑን ሙጫ ላይ አሸት አሸት አደረገና ጭራው ላይ አሳረፈው።

የወጣው ድምፅ ጠዋት የሰሙት አልነበረም። ወፍራምና ሻካራ፣ የታመመ ሰው ጉሮሮ ይመስል ነበር።

ቻርቶላን ዞር ብሎ አየው። «አጥብቀው።»

ቤክርቢ መቆንጠጫዎቹን አጠበቀ። ጥቂት እንዳሸው ክሩ እንደገና ላላ። ቻርቶላን የእጅ ሹራቡን አውልቆ መዳፉን ቆዳው ላይ አኖረ፤ ፊቱ ቀስ ብሎ ደረቀ።

«እርጥብ ነው» አለ።

«አጎቴ።»

«ቤት ውስጥ ብረት ይመስል ነበር። ምን ነካው?»

«ማታ… ማታ እሳት ዳር አሳድሬዋለሁ። ሊነጋ ሲል ነው መልሼ የሰቀልኩት።»

ሳቤድ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ ወንድሟን አየችው።

«እንግዲያው ጠዋት የተናገረው ሰማዩ አይደለም፤ ምድጃችን ነው» አለ ቻርቶላን።

«ለምን አልነገርከንም?» አለች ሳቤድ።

«እማዬ ቆማ ነበር።»

ሳቤድ ፊቷን ወደ ቆቡ መለሰች።

ቻርቶላን ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ አነሳ። ነፋሱ ከደቡብ ነበር፤ ከጥቁር ባሕር በኩል የሚመጣው፣ ለብ ያለ፣ እንደ ላም ትንፋሽ። «ለምሽቱ ዝናብ ነው። በረዶው ላይ ሲዘንብበት የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ውርጭ እስኪይዘው ብንጠብቅ አይይዘውም። ቆየን ማለት እዚሁ ቀረን ማለት ነው። ጥራው፣ ልጄ። ጀምሪ ሳቤድ።»

ሳቤድ መጥራት ጀመረች። አላለቀሰችም፤ ለምሳ እንደሚጣራ ሰው ነበር ድምፅዋ። «ሙርዛቃን። እኔ ነኝ፣ ሳቤድ። ቆብህን ይዤልሃለሁ። እማዬ እሳት አልሞቅ ብላ አስቸግራናለች። ና እንሂድ። ይሄ የሚጮኸው ቤክርቢ ነው፤ አትሳቅበት፣ እጁ በርዶት ነው።»

ቤክርቢ ዜማውን ያዘ። ዶሮው ለረጅም ጊዜ አንድ እግሩን አንስቶ ቆመ። ከዚያ ክንፉን አራገፈና ቀጥ ብሎ ወደ ቆቡ ሄደ። ወጣበት፤ አንገቱን መዝዞ ጮኸ።

«መጣ» አለ ቻርቶላን። የራሱን ቆብ አወለቀ።

የቤክርቢ ፀጉር ቆመ። ዶሮ እግሩ ሲበርደው በረዶ ያልሆነ ነገር ፈልጎ ይወጣል፤ በዚህ ሁሉ ነጭ ሜዳ ላይ ደግሞ ከቆቡ በቀር ምንም የለም። ይህን አሰበ። በዚያው ቅጽበት ከቀኝ ትከሻው ኋላ አንድ ሰው እንደቆመ ተሰማው፤ ሙርዛቃን ሲቆም እንደሚቆመው፣ ትንሽ አዘንብሎ። ሁለቱም እውነት መሰሉት።

«እንዳታቆም» አለው ቻርቶላን። «አሁን የተወለደ ሕፃን ማለት ነው፤ መንገድ አያውቅም። ጭራው ሲናገር ይከተላል። ጭራው ዝም ካለ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ መልሶ የሚያነሳው የለም፤ ሁለት ጊዜ አይጠራም።»

«ጉልዳስ?» አለ ቤክርቢ እየተጫወተ። «ጉልዳ ላይ ድምፅ አይሰማም ብለው የለ?»

በደረቅ ውርጭ ቀን ብዙ ሰው ቹኒሪ እየተጫወተ ጉልዳን ተሻግሯል። በሞቃት ነፋስ ግን የሞከረ የለም፤ በሞቃት ነፋስ ከቤቱ የወጣ ሰው የለምና።

«አንተ ነህ የተማርከው» አለ ቻርቶላን በመጨረሻ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፌዝ ነበር የተናገረው። «ድምፅ ነው የሚያወርደው ወይስ አይደለም? በመጽሐፉ ምን ይላል?»

ቤክርቢ «አያወርደውም» ለማለት ፈለገ። ኩታይሲ ሳለ ይህን የገበሬ ወሬ ነው እያለ ለጓደኞቹ ይስቅ ነበር። አሁን ከገደሉ ዳር ቆሞ ግን አንድም መጽሐፍ ትዝ አላለውም። «አላውቅም» አለ።

«እኔ ወንድሜን ጥዬ አልሄድም» አለች ሳቤድ። «ትታችሁት ሂዱ። እማዬ ፊት ባዶ እጄን ቆሜ ምን እላታለሁ? እዚያው ግድግዳ ሥር ድረቂ ልበላት?»

ቻርቶላን ወደ ላይ አየ። ከዚያ የዳኛ ድምፁን አወጣ፤ በመንደሩ ጉባኤ ላይ የሚያወጣውን። «እኔ ቀድሜ እሄዳለሁ። ጥዱ ዘንድ ካለው ቋጥኝ ኋላ ስሰወር ሳቤድ ትከተላለች። እሷ ስትሰወር አንተ ትነሳለህ። ድምፁን አውርደው፤ ለራስህና ለሱ ብቻ እንዲሰማ። ቆዳው መራሱ እንኳ ረድቶናል። ግን እንዳታቆም።»

ቤክርቢ ገባው። አንድ በአንድ የሚሻገሩት ከወረደ አንድ ሰው ብቻ እንዲወስድ ነው። መጨረሻ የሚሻገረው ደግሞ ሌሎቹ የረገጡትን፣ የላላውን በረዶ ነው የሚረግጠው። ቻርቶላን ፊቱን በሁለት እጁ ያዘው። ጣት የጎደለው እጅ ጉንጩን ሲነካው ሻካራና ሞቃት ነበር።

«አባትህ አንተን መጨረሻ አያደርጉህም ነበር» አለው። «ሌላ መላ ቢኖረኝ እኔም አላደርግህም።»

የዶሮውን ምንቃር አስሮ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተና ሄደ። ቤክርቢ እየተጫወተ አየው፤ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆነ፤ ከቋጥኙ ኋላ ጠፋ። ከዚያ ሳቤድ ቆቡን ብብቷ ውስጥ መልሳ ተነሳች። ስታልፈው ክንዱን ጨበጥ አደረገችው። እሷም ጠፋች። ማዶ ነፋሱ ብቻ ቀረ።

ቤክርቢ እግሩን ጉልዳ ውስጥ አስገባ።

ሁለቱም እጆቹ ቹኒሪው ላይ ናቸው። ምርኩዝ የለውም። ቢንሸራተት የሚይዘው የለውም። ጠዋት ቀጭ ይል የነበረው ቅርፊት አሁን እንደ ረጠበ ዳቦ እየተጫነ እስከ ጉልበቱ ያሰምጠዋል። ደጋኑን እንደምንም ያሳልፋል፤ ድምፁ ከደረቱ አይርቅም። አንድ እርምጃ፣ አንድ ጊዜ ማሸት። ከኋላው የሚከተለው ነገር ክብደት አልነበረውም። ቢሆንም እዚያ ነበር። ቤክርቢ ልጅ እያለ በጭለማ ከብቶቹን አልፎ ውጭ ሲወጣ የሙርዛቃንን ካባ ይዞ ይከተለው የነበረውን ያህል ቅርብ ነበር።

«እየሄድን ነው» አለ በልቡ። «እየሄድን ነው፣ ትንሽ ነው የቀረን።»

ገደሉ መካከል ላይ በረዶው ተነፈሰ።

ጩኸት አልነበረም። ከእግሩ ሥር፣ ከጥልቅ፣ ትልቅ እንስሳ ተኝቶ ሲገላበጥ እንደሚያወጣው ያለ «ህምም» የሚል ነገር ነበር። ቆሞበት ያለው መሬት በጣት ስፋት ወረደ። ቤክርቢ ቀና አለ። ከላይ፣ ከዚያ የላም ከንፈር በታች፣ በነጩ ላይ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሲሮጥ አየ። ሮጦ ቆመ።

እጁም ቆመ።

እሱ አላቆመውም። ደጋኑ ጭራው ላይ ነበር፤ ክንዱ ግን የሌላ ሰው ክንድ ሆነ። እንዲንቀሳቀስ አዘዘው፤ አልሰማም። አንድ ጊዜ ቢያሽ፣ ያቺ ቀጭን መስመር አፏን የምትከፍት መሰለው። ነፋሱም ያን ጊዜ እንደተማከረ ሁሉ ጸጥ አለ። በሙሉ ጉልዳ ውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከትከሻው ኋላ የነበረው ነገር ቆመ። መቆሙ ተሰማው፤ አንድ ሰው አብሮህ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ኮቴው ሲቀር እንደሚሰማህ።

«ሙርዛቃን» ለማለት ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቃል አልወጣም።

ከዚያ ሮጠ። ቹኒሪውን ደረቱ ላይ ጨብጦ፣ የበረዶ ጫማው እያደናቀፈው፣ እየወደቀና በክርኑ እየተነሳ ሮጠ። ቋጥኙን ሲይዝ ዓይኑ ጨልሞ ነበር። ድንጋዩን ተደግፎ ደጋኑን ጭራው ላይ ጣለና እንደገና ማሸት ጀመረ። ድምፁ ወጣ። ዜማው ካቆመበት ቀጠለ።

ጉልዳ የወረደው ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የጠመንጃ ተኩስ የመሰለ ነገር ተሰማ፤ ቀጥሎ መሬቱ ራሱ ማጉረምረም ጀመረ። ነጭ ግድግዳ ከላይ ተነስቶ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ አለፈ። ነፋሱ ቤክርቢን ከቋጥኙ ጋር አጣበቀው፤ አፉና ጆሮው በበረዶ ዱቄት ተሞላ። እጁ ግን፣ አሁን ቆም ሊል ሲገባው፣ አልቆም አለ። ያሸዋል፣ ያሸዋል። ዱቄቱ ሲሰክን ቻርቶላንና ሳቤድ ከቋጥኙ ኋላ እየሮጡ ሲመጡ ያዩት ይህንን ነው፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቹኒሪ የሚጫወት ሰው።

ሳቤድ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አላቋረጥክም» አለችው እያለቀሰች። «እንዲያ እየወረደ እንኳ አላቋረጥክም። እኔ ውሻ ነኝ፤ ስስቅብህ የነበርኩት እኔ ውሻ ነኝ።»

ቻርቶላን ወደ ገደሉ አየ። እነሱ የረገጡት መንገድ የለም፤ ከነዱካው ከብዙ ክንድ በረዶ በታች ገብቷል። «ሁለተኛ ሊወስደው ፈልጎ ነበር» አለ። «ቀደምከው። ተጫወት ልጄ፣ ተጫወት፣ ቤት ሩቅ ነው።»

ቤክርቢ አፉን ከፈተ። በረዶ ነበረበት። ተፋውና ተጫወተ።

ማረህ ደጃፉን ከፍታ ቆማ ነበር። ወደ እሷ ሲመጡ የቤክርቢን ፊት አላየችም፤ ከትከሻው ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ነው ያየችው። ጎንበስ ብላ መንገድ ለቀቀች። «ና ግባ የኔ ጌታ» አለች ለዚያ ባዶ ቦታ፤ «እግርህን አራግፍ።» ምድጃው ዘንድ ሄዳ ተቀመጠች። ከጎኗ አንድ ሰው የሚበቃው ያህል ስፍራ ተወች። የጠቆሩ ጣቶቿን ወደ እሳቱ ዘረጋች፤ እሳቱ ሲነካት አቃሰተች፣ አልሸሸችም። ቤክርቢ ጣቱ ደም እስኪል ተጫወተ። አቁም ያለው ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱ ለማቆም ፈራ። በመጨረሻ ሳቤድ እጁን ይዛ ደጋኑን ቀስ ብላ ወሰደችበት።

ማረህ ዳነች። ሳሏ ለቀቃት፤ ቀለሟ ተመለሰ። ሕልሙ ዳግመኛ አልመጣባትም። ሙርዛቃን ገብቶ ነዋ፤ በር የሚፈልግ የለም። ቤክርቢ እውነቱን ቢናገር ወደዚያ ግድግዳ ሥር ተመልሳ እንደምትቀመጥ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ዝም አለ። መንደሩ በናዳ መካከል የተጫወተው እያለ ሲጠራው፣ ጎረምሶች ከበው አውራን ሲሉት፣ ዝም አለ። ማታ ማታ ሲተኛ ሁለት ነገር ያስባል። ነፍስ የሚባል ነገር በጭራ ድምፅ አይመራም፤ ይህ አንዱ ነው። ያኛው ደግሞ ያ ሁሉ በረዶ የወረደው እሱ ዝም ካለበት ስፍራ ላይ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ቢያምን ነፃ ነው። እያመነም ቢሆን ላብ ያጠምቀው ነበር።

በፀደይ፣ ገደሎቹ ሁሉ ውኃ ሆነው ሲወርዱ፣ ጎረቤታቸው አሮጊቷ ዶዶሽ ለሞት ተኛች። በመንደሩ ሟች እያወቀ ሲሄድ ቀድመው ለሞቱት መልእክት ይላክበታል። ቀን በቀን ሰው እየመጣ ከአልጋዋ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። አንዷ ለባሏ ላሟ መንታ እንደወለደች ላከችለት። አንዱ ለአባቱ የድንበሩ ጠብ በዕርቅ እንዳለቀ ላከ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለወንድሙ፣ «ያን በቅሎ በተመለከተ ጥፋቱ ያንተ ነበር፤ አሁንም አልተውኩትም በይልኝ» አለና ሰዉን አሳቀ። ዶዶሽም ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ።

ቤክርቢ ሁሉም እስኪወጣ ቆየ። ከዚያ ተንበርክኮ አፉን ጆሮዋ ላይ አደረገ።

«ሙርዛቃንን ታውቂዋለሽ፣ የኛን።»

«እኔ አይደለሁ እንዴ እትብቱን የቆረጥኩት።»

«እዚያ ፈልጊልኝ። ካገኘሽው… ጉልዳ መካከል ላይ ዝም ብያለሁ በይልኝ። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው በይልኝ። ተከትሎኝ ወጥቶ እንደሆነ፣ ወይም እዚያው ቀርቶ እንደሆነ፣ አንድ ቀን በሕልሜ መጥቶ ይንገረኝ። ተቆጥቶም ቢሆን ይምጣ።»

ዶዶሽ አየችው። ዓይኗ ደክሟል፤ ግን ገብቷታል። «መልእክት በዝቶብኛል» አለችው፤ «ካገኘሁት ግን አልረሳም። እዚያ ከሌለ ምን ልበልህ?»

ቤክርቢ ይህን አላሰበበትም ነበር።

ዶዶሽ በማግስቱ አረፈች። ቀብረዋት ሲመለሱ ቤክርቢ ከፀሐይ ጋር ተኛ፤ በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። በሕልሙ የኩታይሲን ገበያ አየ፤ የመምህራኑን ፊት አየ፤ አንድ ቀን የሞተ ውሻውን እንኳ አየ። ሙርዛቃን አልመጣም፤ ዶዶሽም አልመጣችም። ምድጃው ዳር እናቱ የተወችው ቦታ ባዶውን እየሞቀ፣ ዓመቱ ዞረ።